ሬንጅ በኑግ ሲለቅ

እኛ ላቫጆ ጥቁር መኪና ሲመጣ ደስ ይለኛል። ጥቁር መኪና ታጥቦ ሲያበቃ ኮፈኑ ላይ ሰማይ ይተኛበታል። ደመናው በአንደኛው መብራት በኩል ገብቶ በሌላኛው እስኪወጣ ቆሜ አያለሁ። የላቫጆው ባለቤት ጌታሁን እንዲህ ቆሜ ሲያገኘኝ፣ "ፈላስፋው! ውሃው እየፈሰሰ ነው!" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ውሃው እየፈሰሰ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከመኪና ጋር ነው የማወራው። መኪና ቶሎ መልስ ስጠኝ አይልም።

ነጭ መኪና ግን ሰማይ አያሳይም። ነጭ መኪና የሚያሳየው ቆሻሻውን ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የገባችው ቪትዝ ነጭ ነበረች፤ ማለቴ ከወገቧ በላይ። ከወገቧ በታች እንደ ጅግራ ተዥጎርጉራለች። ሬንጅ ነው። ከእኛ ከፍ ብሎ፣ ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው በኩል፣ መንገዱን እያሰፉ ስለነበር ሰሞኑን ሬንጅ የነካው መኪና ብርቅ አልነበረም። ሌሎቹን ግን ፓራፋንጎ ሥር ወይ ጎማው አካባቢ ነው የሚነካቸው። ይቺ በሁለቱም ጎኗ፣ ከፊት ፓራውልቷ እስከ ኋላዋ ተረጭታለች። ሬንጁ ላይ ተንከባላ የመጣች ነው የምትመስለው።

ሾፌሯ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፉ ወረዱ። አወቅኳቸው፤ እትዬ ገነት ናቸው። ከላቫጇችን ጀርባ ባለው መንደር ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ሃምሳን ካለፉ ወዲያ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ሴት ናቸው። ሲነዱ አህያ ይቀድማቸዋል እያሉ የመንደሩ ልጆች ይስቁባቸዋል።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ይለቃል?" አሉኝ። ሰላምታም የለ።

"ይለቃል፣ እትዬ።"

"እስከ ስምንት ሰዓት ይለቃል?"

"ስምንት ሰዓት ላይ ምን አለ?"

መልሱ የመጣው ከወዲያኛው በር ነው። "ልጅዋ ይመጣላ!" አሉ እማማ ወለተጻድቅ፣ አንድ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ከመኪናዋ እያወጡ። የእትዬ ገነት ጎረቤት ናቸው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ሚኒባስ ላይ መውጣት ካቃታቸው ቆይቷል። ማክሰኞና ዓርብ ጉልበታቸውን የሚያሹላቸው ቦታ የሚያደርሷቸው እትዬ ገነት ናቸው፤ በዚቹ በቪትዟ። ያን ቀን ደግሞ ኮልፌ ገበያ ወስደዋቸው እየተመለሱ ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእትዬ ገነት ልጅ እዮኤል አዳማ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አባቱ ትተዋት የሄዱትን መኪና እናቱ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ እሱ ነው ያስቀባት። ቁልፉን ሲሰጣቸው፣ "እማ፣ አንድ ነገር ነክቷት ካገኘኋት ቁልፉን መልሼ እወስደዋለሁ። ዕድሜሽ ነው እኮ፤ እኔ እዚያ ሆኜ ልሳቀቅ አልችልም" ብሏቸዋል። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ እማማ ወለተጻድቅ ካወቁ መንደሩ ያውቃል።

"ቁልፉን ከወሰደባት እኔስ?" አሉ እማማ ወለተጻድቅ። "ጉልበቴን ተሸክሜ በሚኒባስ ልንጠልጠል?"

"እንዴት ነው እንዲህ የሆነችው?" አልኩ።

እትዬ ገነት ጭራሽ ተናደዱ። "ጠርቶኝ ነዋ! መንገድ ሥራው ላይ ያለው ባለባንዲራ ልጅ ጠራኝ!"

"ጠራዎት?"

"በእጁ። ባንዲራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እንዲህ አድርጎ።" መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ጣቶቻቸውን ወደ ታች አወናጨፉ። "እንዲህ ሲደረግ ነይ ማለት አይደለም? አስፋልት የሚደመድመው ሩሎ ያጓራል፣ ድምፁ አይሰማ። እኔ ስጠጋ እሱ ይብስ ያወናጭፋል። እሱ ሲያወናጭፍ የቸኮለ መሰለኝና እኔም ነዳጅ ረገጥ አድርጌ ገና የፈሰሰው ሬንጅ ውስጥ ገባሁ።"

"ቀስ በይ ማለቱ ነው ብያት ነበር" አሉ እማማ ወለተጻድቅ።

"አልሽኝ? 'እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ያሳልፈናል' ነው ያልሽኝ!"

እማማ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ጨዋማ ነው" አሉ።

እጄን እያየሁ ቀረሁ። እውነት እኮ ነው። ሰው ስንጠራም መዳፋችንን እንደፋለን፣ ቀስ በል ስንልም እንደፋለን። ልዩነቱ ጣቶቹ ላይ ትንሽ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ነው። ከሩቅና በመስታወት ውስጥ ማን ይለየዋል?

በዚህ መሃል ጌታሁን ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ከተፍ አለ። ሌላኛው እጁ ላይ ምላጭ አለ። "ሬንጅ ነው? ቀላል ነው። ቤንዚን ታጠጪዋለሽ፣ በምላጭ ላፍ ላፍ ታደርጊዋለሽ፣ አለቀ! ቁርሴን ሳልጨርስ አስረክባችኋለሁ።"

"ጌች፣ ቆይ" አልኩት። "እትዬ፣ ቀለሙ መቼ ነው የተቀባው?"

"በጥር መጨረሻ።"

ገና ሁዳዴ አልተጋመሰም። የጋራዥ ቀለም ፊቱ ቶሎ ይደርቃል እንጂ ውስጡ ለጋ ሆኖ ይቆያል። ጌታሁን ይህን ያውቃል፤ ግን ቅዳሜ ነው፣ በር ላይ ሁለት መኪና ቆሟል፣ ሰው ሲቸኩል የሚያውቀውንም ይረሳል። የሾፌሩን በር ከፈትኩና ከሥር፣ ሲዘጋ ማንም የማያየው ጠርዝ ላይ፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ለአፍታ አስጠጋሁ። ሳነሳው ጨርቁ ነጭ ቀለም ይዞ መጣ።

ጌታሁን ጨርቁን አየ፣ ምላጩን አየ፣ ምላጩን ኪሱ ከተተው። "እሺ ፈላስፋው" አለ። "እስቲ ጭንቅላትህ ውስጥ ካለው ደመና አንድ ጠብታ አውጣልን።"

"ዘይት" አልኩት። "የምግብ ዘይት።"

ልጅ ሆኜ የሬንጅ በርሜል ላይ ስንጫወት መዳፌ በሙሉ ጠቁሮ ቤት ገባሁ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አንዱ ነጭ ጋዝ አለ፣ አንዱ አመድ አለ፣ አንዱ በድንጋይ ይፈተግ አለ። እናቴ ግን ኑግ ዘይት ቀባችኝና፣ "ቁጭ በል፣ አትንካው" አለችኝ። ቆይታ በጨርቅ ስታነሳው እጄ አልቀላም እንኳ። "ሬንጅና ዘይት ዘመድ ናቸው" አለችኝ፤ "ስትጎትተው እምቢ ይልሃል፣ ዘመዱ ሲመጣ ግን ተነስቶ ይሄዳል።" የመኪና ቀለም ደግሞ ዘይት አይፈራም። የሚፈራው ቤንዚንና ቲነር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ጥድፊያ ነው።

"እዚህ ያለው የሞተር ዘይት ነው" አለ ጌታሁን።

 እትዬ ገነት የኋላ ወንበር ላይ ያለውን ዘንቢል አዩ። እኔም አየሁ፣ ጌታሁንም አየ። ከሽንኩርቱ መሃል የጠርሙስ አንገት ብቅ ብሏል።

"ኧረ በስመ አብ!" አሉ እማማ ወለተጻድቅ። "የጾም ዘይቴን? ኑጉን እኔ ፊት አስጨምቄ ነው ያመጣሁት!"

"እትዬ ወለተ…"

"ገና ስንት ሳምንት ይቀረኛል! እናንተ ጴንጤዎች ምን አለባችሁ፣ ቅቤያችሁን…" ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ዘንቢሉን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። "እንቺ እንግዲህ፣ ውሰጂ። ጌታሽ ይመልስልኛል።"

"ጌታችን" አሉ እትዬ ገነት ፈገግ ብለው።

"እሺ፣ ጌታችን። ዘይቱን ግን የምትመልሺው አንቺ ነሽ።"

መኪናዋን ገፍተን ቆርቆሮው ጥላ ሥር አስገባናት። ላሜራው ፀሐይ ላይ ከቆየ ዘይቱም ሳሙናውም ላዩ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ሳልነካት፣ በውሃ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች አጠብኳት። ከሬንጁ ጋር አሸዋ ተረጭቷል፤ አሸዋ ባለበት ላይ ጨርቅ ካሻሸህ ያው ምላጭ ማለት ነው። አሸዋው ከወረደ በኋላ አሮጌ ካናቴራዬን ቀድጄ ቁርጥራጩን ኑግ አጠጣሁትና በየነጠብጣቡ ላይ ለጠፍኩት፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ እንደሚደረገው።

"አሁንስ?" አሉ እትዬ ገነት።

"አሁን እንቀመጣለን።"

"ዝም ብለን?"

"ዝም ብለን።"

ይሄኛው ነው ከባዱ። ሰው ገንዘቡንም ጉልበቱንም ይሰጥሃል፣ መቀመጥን ግን አይሰጥህም። እትዬ ገነት በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይነሳሉ፣ አንዱን ጨርቅ ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ ይመልሱታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነው።

"ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው?" አሉ እማማ ወለተጻድቅ።

"እንዳይጠይቀኝ።"

"ቢጠይቅሽስ?"

"ከጠየቀኝ አልዋሽም። ካልጠየቀኝ ግን መናገር ግዴታዬ አይደለም።"

"እና ይሄ ሁሉ ልፋት እንዳይጠይቅሽ ነው?"

"አዎ።"

"የኔ ዘይት የፈሰሰው ልጅሽ ዝም እንዲል!" እማማ ወለተጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ብሆን ዋሽቼ ንስሐ እገባ ነበር። ይቀላል።"

የመጀመሪያውን ጨርቅ ሳነሳው ሬንጁ ቡናማ ሆኖ ከሥሩ ቀልጧል፤ ጠርዙ ማር ይመስላል። ጫን አደረግኩ፣ ትንሽ ጠበቅኩ፣ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አነሳሁ። ጨርቁን ወደ ንጹሕ ገጹ አገላበጥኩና ደገምኩ። ማሽከርከር የለም፣ መፈተግ የለም። ከሥሩ ነጩ ቀለም እንዳለ፣ ምንም ሳይሆን ወጣ። እትዬ ገነት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ "ሃሌ ሉያ!" አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

የቀኝ በሩ ግርጌ ላይ ያሉት ግን አስቸገሩ። ከጎማው በቀጥታ የተፈናጠሩ ናቸው፤ እንደ ምስር ወፍረው ተጣብቀዋል። ዘይቱ ላያቸውን አለሰለሰው እንጂ ሥራቸው ድረስ አልዘለቀም።

እትዬ ገነት ቦርሳቸውን ከፍተው መንጃ ፈቃዳቸውን አወጡ። "በዚህ ፋቅልኝ።"

"እትዬ! መንጃ ፈቃድዎን?"

"ፕላስቲክ ነው፣ አይጭርም። ቁልፉ ከተወሰደ ደግሞ ይሄ ምን ይሠራልኛል?"

"ያስቀምጡት" አልኳቸው። "አይፋቅም። ድጋሚ እናለብሰዋለን።" ሌላ ጨርቅ ዘይት አጠጣሁና ለጠፍኩበት፤ ላዩን በላስቲክ ሸፈንኩት። ዘይቱ እንዳይሸሽ ነው።

ጌታሁን የቆሙትን ሁለት መኪኖች ሸኝቶ ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ የግራውን ጎን ያዘ። መጀመሪያ ላይ ይሰድባል፤ ሬንጁንም፣ መንገድ ሠሪውንም፣ እኔንም። ቀስ በቀስ ስድቡ እያጠረ መጣ። ጫን፣ ቆይ፣ አንሳ። ጫን፣ ቆይ፣ አንሳ። "ይሄ ሥራ እኮ እንቅልፍ ያመጣል" አለ በመጨረሻ፣ በቅሬታ ሳይሆን።

እትዬ ገነትም ተረጋግተው ተቀመጡ። "ታውቃለህ" አሉኝ፣ "ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ስንት ዓመት ሲነዳ ከጎኑ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር የምቀመጠው። መንገዱን አየሁት እንጂ ነክቼው አላውቅም። መጀመሪያ ብቻዬን የነዳሁ ቀን አየር ጤና ድረስ ሄጄ አደባባዩን ዞሬ ተመለስኩ። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም።"

 እኔም ቀኑን ሙሉ ደመና አይቼ ቤት ስገባ ለማንም አልናገርም። "ገባኝ" ልላቸው ፈልጌ፣ "ጨርቁን ልገልብጠው" አልኩ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ምስሮቹም ተነሱ። ከዚያ ኑጉ ራሱ መልቀቅ አለበት፤ ዘይት የነካ መኪና የአየር ጤናን አቧራ በሙሉ ጠርቶ ይለብሳል። በሳሙና አጠብኳት፣ ደግሜ አጠብኳት፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ሰም አድርጌ በስሱ ወለወልኳት። ስጨርስ እትዬ ገነት በሩ ፊት ቆመው ነበር፤ ደብዘዝ ያለ ጥላቸው ነጩ ላይ ታየኝ። ነጭም ለካ በደንብ ሲጸዳ ትንሽ ያሳያል።

የኑግ ሽታ ግን አለ። ላቫጆው በሙሉ የጾም ወጥ ቤት ሆኗል።

"እንሂድ፣ እንሂድ" አሉ እማማ ወለተጻድቅ የፊት ወንበራቸው ላይ እየተደላደሉ። እትዬ ገነት ቁልፉን አወጡ። ልክ ያኔ ነው በር ላይ፣ "እማ?" የሚል ድምፅ የሰማነው።

እዮኤል ነው። ከፌርማታው ወደ ቤቱ ሲያልፍ መኪናዋን አይቷት ገብቷል። ቦርሳ ትከሻው ላይ አለ። አረማመዱ ግን አላማረኝም፤ እግሩን ባነሳ ቁጥር መሬቱ ጨበጥ ያደርገዋል።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"መኪና አሳጠብኩ" አሉ እትዬ ገነት። እውነት ነው።

ልጁ መኪናዋን ዞራት። ጣቱን በሩ ላይ አሳለፈ፣ ጎንበስ አለ፣ አሸተተ። "ምንድን ነው የሚሸተው? ኑግ?"

"የኔ ነው!" አሉ እማማ ወለተጻድቅ በመስኮት። "ገበያ ሄጄ ነበር!" ይሄም እውነት ነው።

እዮኤል ቀና አለ። ጌታሁን ምንም እንዳልሸተተው ሰው አፍንጫውን ይጠርጋል። እኔ የዘይቱን ጨርቆች በእግሬ ውሃ ወደምናጠራቅምበት ባኞ ሥር እየገፋሁ ነው። የእትዬ ገነት ከንፈር እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ልጁ ግን አልጠየቀም።

"ቆንጆ አድርገው አጥበዋታል" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ቤንዚን ነገር ካለህ፤ ጫማዬ ተበላሸ። እዚያ ላይ መንገድ የሚሠሩት ጋ ያለው ባለባንዲራ ልጅ በእጁ ና ብሎ ጠርቶኝ ቀጥታ ሬንጅ ውስጥ አስገባኝ! እብድ ነው?"

ጌታሁን አፍንጫውን መጥረግ ተወ። የባኞው ቧንቧ ብቻ ይንጠባጠባል።

የእትዬ ገነት እጅ ራሱ ተነሳ። መዳፋቸው ወደ መሬት ተደፋ፣ ጣቶቻቸው ወደ ታች ተወናጨፉ። "እንዲህ አድርጎ?"

"አዎ፣ ልክ እንዲህ!"

"ቀስ በል ማለቱ እኮ ነው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

ጠየቀ። እማማ ወለተጻድቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እኔንም ስለጠራኝ" አሉ እትዬ ገነት። ሁሉንም ነገሩት፤ ሩሎውን፣ ነዳጅ ረገጥ ያደረጉትን፣ ቤንዚኑን፣ የእትዬ ወለተን ዘይት። ምንም አላስቀሩም፤ የረዳቸውን ሰው ሁሉ በስም ጠሩ፤ ሲጨርሱ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ያዙ። እንዲወስደው አልሰጡትም፣ አልደበቁትምም።

እዮኤል ቁልፉን አየ። መኪናዋን አየ። ከባኞው ሥር ወጣ ያለውን ቡናማ ጨርቅ አየ። ከዚያ እጁን ሰደደ። "አምጪው፣ እኔ ልንዳ።"

እናትየው ወደ እግሩ አዩ። "በዚህ ጫማ?"

ሁላችንም አየን። ሬንጁ ከሶሉ አልፎ ሽፋኑ ላይ ወጥቷል።

"ፔዳሉ ላይ ይጣበቅብሃል፣ ወንድሜ" አለ ጌታሁን።

"አውልቄ እነዳለሁ።" ጫማውን አወለቀ። ካልሲውም ጠቁሯል። አንድ እግሩን አንስቶ እንደ ሽመላ ቆመና መጀመሪያ ካልሲውን፣ ቀጥሎ እናቱን አየ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው።

"ልጁ ጨዋ ይመስላል፣ አይደል?" አለ።

"እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው!" አሉ እማማ ወለተጻድቅ።

"ትንሽ ኑግ ቀርቷል፣ ጫማህን…" ብዬ ልጀምር ስል፣ እማማ ወለተጻድቅ ጠርሙሱን ከዳሽቦርዱ ላይ ነጥቀው ደረታቸው ላይ አስጠጉት። "እንዳትነኩት! የቀረኝ ይሄ ነው።"

የፊት ወንበሩንም አልለቀቁለትም፤ ጉልበታቸው ከኋላ አይገባም። እዮኤል በባዶ እግሩ ከኋላ፣ ከሽንኩርቱ ዘንቢል ጎን ገባ። ጫማውን በፌስታል አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እትዬ ገነት መስታወቱን አስተካከሉ፣ ቀበቶአቸውን አሰሩ፣ ሞተሩን አስነሱ። 

"እማ" አለ ልጁ ከኋላ። "ማክሰኞ ግን እትዬ ወለተን ስትወስጃቸው በታችኛው መንገድ ሂጂ። እዚያ በኩል ሬንጅ የለም።"

"እሺ" አሉ እትዬ ገነት።  ወዲያው ማርሹን ወደ ኋላ አስገቡ።

የላቫጇችን በር ጠባብ ነው። መኪና በወጣ ቁጥር ከኋላ ቆሜ በእጄ መምራት ልማዴ ነው፤ መዳፌን ደፍቼ፣ ጣቶቼን እያወዛወዝኩ። እጄን አነሳሁ። እትዬ ገነት በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብለው ሲያዩኝ አየሁ፤ ከኋላቸው እዮኤልም ዞሮ እጄን ያያል።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"ይምጡ!" አልኩ በአፌ፣ ጮክ ብዬ። "ይምጡ… ይምጡ… ትንሽ ወደ ቀኝ… በቃ!"